ልቃቂት

እናቴ ሄልዩ ሥራ መፍታት አታውቅም፣
ባዶ እጇን ታቅፋ ደጅ ላይ አትቀመጥም፤
በኪህኑ ደሴት፣ ባልቲክ በከበበው፣
የሴት ልጅ ዕድሜዋ በክር ነው የሚለካው።

ባለፈው መከር ግን ልቧ መቁጠር ረሳ፤
ሁለት ይመታና፣ ሦስተኛን ሲያነሳ
ቀጥ ይላል፣ ደረጃ ላይ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው፤
ከድንቹ መደብ ላይ ወድቃ ያነሳኋት ለዚያ ነው።

ፓርኑ ወሰድኳት። ከጡቷ ከፍ ብሎ
ምላጭ ገባና ወጣ፣ ቆዳዋን ከፍሎ፤
የክብሪት ቀፎ የሚያህል ባትሪ በኪስ ከተቱ፣
ሽቦውን ሰደዱ በደም ሥር፣ በስተውስጡ፣
እስከ ልቧ መሐል።
በሦስተኛው ቀን ደም ቋጥሮ አበጠ፤
እንደ ፕሪም ጠቆረ፣ ወደ ቢጫ ተለወጠ።
ሐኪሟ ኡርቬም «ይሄ ያልፋል» አለች፣
«ክንድሽን አታንሺ ስድስት ሳምንት» ብላ ሸኘች።

ጎረቤቷ ሮሲ ልትጠይቅ መጥታ፣
ጠባሳውን አየች፣ መብራት አስጠግታ፦
«ልብ ግዢ ብዬ ስንት ዘመን ለፋሁ፤
በመንግሥት ገንዘብ ስትገዢው አየሁ!»

እኔ ደግሞ ለክንዷ ሳስቼ
የሱፉን ቅርጫት ቆጥ ላይ ሰቀልኩት፣ ከዓይኗ አርቄ።
ሐኪሟ ይህን አላለችም።
እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

የበረዶው ወራት ረጅም ነው፤
ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ሌሊት ነው።
ሥራ የፈታ እጅ ደግሞ ሥራ አያጣም፦
አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ከሸሚዟ ሥር ገብተው
ያቺን ትንሽ ብረት፣ በላላው ቆዳ ውስጥ፣
ማዞር ጀመሩ።
ሬዲዮ ስትሰማ። ዓሣው እስኪበስል። እንቅልፏ ውስጥ።
አንድ ዙር። ደግሞ አንድ። ሁልጊዜ ወደ ቀኝ፣
እንደ ክር።

ጥር ሲገባ ስቅታ ያዛት።
«ማነው የሚያነሳኝ?» ብላ ስም ቆጠረች፦
ሮሲን፣ ስዊድን ያለችውን እኅቷን፣
በባሕር የቀረውን አባቴን ሳይቀር ጠረጠረች።
ውሃ ጠጣች። ትንፋሿን ያዘች።
እኔ ሰዓቴን አየሁ፦
ስቅታው ስልሳ ነበር በደቂቃ፣ አይጨምር፣ አይጎድል።
እንዲህ በልክ ሰውን የሚያማ የለም።

ከሳምንት በኋላ ስቅታው ሲለቃት
ደረቷ ላይ ያለው ሥጋ ይዘል ጀመር፣
ቤት የተሳሳተ ሰው በር እንደሚያንኳኳ።
ልቧ ግን ያው እንደ መከሩ፦ ሁለት፣ ከዚያ ዝም።

ባሕሩ ረግቶ መንገድ ሆኖ ነበር።
በበረዶው ላይ ቀበቶ አይታሰርም፣
ቢሰነጠቅ ዘለው እንዲወጡ።
ፈታሁላት።
እጇ ወዲያው ተነሣ፣ ወደ ደረቷ ሄደ።
አየሁት። ያኔ ገባኝ። ዝም ብዬ ነዳሁ።

ራጁን ብርሃን ላይ ሲሰቅሉት
ሽቦው ከልቧ የለም፤
ከመንገዱ ተጎትቶ፣ ባትሪው ወገብ ላይ
ዙር በዙር ተጠቅልሎ፣
ልቃቂት።
አመል ያወጣል ከመሐል ይሉታል፤
የልብን መሐል ነው ብዬ መቼ አሰብኩ!

እንደገና ከፈቷት። ሽቦውን ቀየሩ፣
ባትሪውን ከጡንቻው በሐር ክር አሰሩ፤
ሁለቴ የተቀደደ ኪስ መግል ይጠራል ብለው ስላስፈራሩኝ
አሥር ሌሊት ግንባሯን እየዳሰስኩ አደርኩ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ቅርጫቱን ይዤ ገባሁ፤
ልናዘዝ ነበር።
ኡርቬ ቀደመችኝ፤ የወጣውን ሽቦ በሳህን ይዛ
«እዪው፣ ያደረግሽውን እዪ» አለች፣
ግማሽ ተቆጥታ፣ ግማሽ እየሳቀች።
እናቴ መነጽሯን አደረገች።
በጥፍሯ ጫፍ ቆጠረች፦ አሥራ አራት ዙር።
አንዱንም ሳትዘል ደግማ ቆጠረች።
«አልላላም፣ አልተደራረበም» አለች፣
«ማነው እጅሽ አረጀ ያለኝ?»